ከደጃፍ የቀረ ወረቀት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሙያችን ኀላፊነት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ጥያቄውን በደስታ ተቀበልሁ። ነገር ግን ስለ ኀላፊነት በቀጥታ የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ ሁላችንም የምናውቀውን ደግሞ እንደሚነግረን ስለማውቅ፣ በሌላ በር ልግባ ብዬ አሰብሁ። የመረጥሁት በር የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ዕድሜዬን አይታችሁ ፈገግ ብትሉ አልቀየምም፤ ጨዋታው ራሱ የተሠራው እንዲያስቅ ነውና።

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የማስታውቀው ልማድ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ምክንያት ወደ ኋላ ላይ ታገኙታላችሁ።

ዳግላስ አዳምስ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ በ1978 ዓ.ም. በቢቢሲ ሬዲዮ አራተኛ ጣቢያ አንድ ተከታታይ ድራማ አቀረበ። በእኛ ቋንቋ «የጋላክሲ መንገደኞች መመሪያ» ልንለው እንችላለን። መንገደኛ የተባለውም ስንቅና ትራንስፖርት ይዞ የሚጓዘው ሳይሆን፣ በመንገድ ዳር ቆሞ እጁን እየዘረጋ ያገኘውን መኪና የሚለምነው ነው። ድራማው ስለ ተወደደ በ1979 ወደ ልብ ወለድ መጽሐፍ ተለወጠ፤ ሌሎች አራት መጻሕፍትም ተከተሉት። ታሪኩ የሚጀምረው አርተር ዴንት የሚባል ተራ ሰው አንድ ቀን ጧት ሲነቃ ቤቱን ለማፍረስ ቡልዶዘር ከደጁ ቆሞ በማግኘቱ ነው። በዚያው ቀን ቮጎን የተባሉ የጠፈር ፍጥረቶች መሬትን በሙሉ ለጠፈር መንገድ ሥራ ሲሉ ያፈርሷታል። ሁለቱም አፍራሾች የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ማስታወቂያው ወጥቶ ነበር፣ መቃወሚያውም ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፣ ሳታነቡ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ ይላሉ። ማስታወቂያው የወጣው ግን ማንም በማይደርስበት ቦታ ነው። እንግዲህ ልብ ወለዱ ስለ ጠፈር ቢያወራም ዋና ጉዳዩ መሥሪያ ቤት ነው ለማለት ይቻላል።

በ1984 ይህ ታሪክ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሆነ። የሠራው ኢንፎኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ይህም ኩባንያ በ1979 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በወጡ ሰዎች የተቋቋመ ነበር። ከኩባንያው ደራሲዎች አንዱ የነበረው ስቲቭ መረትስኪ ከአዳምስ ጋር በአትላንቲክ ማዶና ማዶ ሆነው በኤሌክትሮኒክ መልእክት እየተጻጻፉ ጨዋታውን አዘጋጁ። አዳምስ ሥራውን በቀጠሮው በማድረስ የሚታወቅ ሰው ስላልነበረ፣ መረትስኪ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በገጠር ሆቴል አብሮት ተቀምጦ ሥራውን እስከ መጨረስ ደርሷል።

ወጣቶቻችን ጨዋታ ሲባል የሚያስቡት ሥዕልን ነው። ይህ ጨዋታ ግን ከፊደል በቀር ሥዕልም ድምፅም አልነበረውም። ኮምፒዩተሩ ያለህበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግርሃል፤ አንተም ልታደርግ የምትፈልገውን በእንግሊዝኛ ትጽፍለታለህ። መጀመሪያ ጨለማ ነው፤ መብራቱን አብራ ትላለህ። ክፍሉ ይታያል። ከዚያም ከአልጋህ ትነሣለህ፣ ጋውንህን ትለብሳለህ፣ በኪሱ ውስጥ የራስ ምታት ክኒን ታገኛለህ፤ ትላንት ማታ ጠጥተሃልና። ከዚያ በኋላ ከቡልዶዘሩ ፊት ለፊት ሄደህ መተኛት አለብህ። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ እርምጃ እንቆቅልሽ ነው።

ከእነዚህ እንቆቅልሾች ሁሉ ስሙ የገነነው የዓሣው እንቆቅልሽ ነው፤ ለዛሬው ጉዳዬ ዋናው እርሱ ስለ ሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ተጫዋቹ በቮጎኖች መርከብ ውስጥ ይገኛል፤ ቋንቋቸውን ግን አይሰማም። በልብ ወለዱ ውስጥ ባቤል የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ስሙ ከባቢሎን ግንብ ታሪክ የተወሰደ ነው። ይህን ዓሣ በጆሮው ውስጥ ያደረገ ሰው የማንኛውንም ፍጡር ቋንቋ ይሰማል። በመርከቡ ክፍል ውስጥ ዓሣውን የሚያወጣ መሣሪያ ቆሟል። ቁልፉን ስትጫን ዓሣው ተወርውሮ በመስቀያው ሥር ባለ ቀዳዳ ይወጣና ይጠፋል። ጋውንህን አውልቀህ በመስቀያው ላይ ብትሰቅል ቀዳዳው ይሸፈናል፤ ዓሣው ግን በጋውኑ ላይ ተንሸራትቶ በወለሉ የውሃ መውረጃ ይገባል። መውረጃውን በፎጣ ብትሸፍን ወለል የሚያጸዳ ሮቦት ፈጥኖ ይመጣና ዓሣውን አንሥቶ በግድግዳው ግርጌ ባለች ትንሽ በር ይወጣል። በሩን በባልንጀራህ ቦርሳ ብትዘጋ ሮቦቱ ከቦርሳው ጋር ይጋጭና ዓሣው ወደ ላይ ይወረወራል፤ ወዲያው የክፍሉን የላይኛውን ክፍል የሚያጸዳ ሌላ በራሪ ሮቦት መጥቶ ይቀልበዋል።

የመጨረሻው መፍትሔ በቦርሳው ላይ የወረቀት ክምር ማስቀመጥ ነው። ግጭቱ ሲሆን ወረቀቱ ይበተናል፤ በራሪው ሮቦት ወረቀት በመልቀም ሲባክን ዓሣው በቀጥታ ወደ ጆሮህ ይገባል። ይህስ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ከየት ይመጣል? ወረቀቱ ማንም ሳይጠይቅ የሚላክ የማስታወቂያ ደብዳቤ ነው፤ የነበረውም በጨዋታው መጀመሪያ በአርተር ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ሳታነሣው ካለፍህ ተመልሰህ ልታመጣው አትችልም። ቤቱም ፈርሷል፣ መሬትም ፈርሳለች።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዓሣዎቹ የተቈጠሩ ናቸው፤ ሙከራህን ስትደጋግም መሣሪያው ባዶ ይሆናል። እንዲሁም በመንገድ ላይ ለተራበ ውሻ ሳንድዊችህን ሳትሰጥ ካለፍህ፣ ያ ውሻ እጅግ ዘግይቶ በታሪኩ ሌላ ክፍል ውስጥ ይውጥሃል። ወደ መጨረሻው አካባቢም ማርቪን የተባለው ሁልጊዜ የሚያዝን ሮቦት አንድ መሣሪያ አምጣልኝ ይልሃል፤ መሣሪያዎቹን ሁሉ አሟልተህ ካልያዝህ የሚጠይቅህ የሌለህን ነው። ከዚህም አልፎ ጨዋታው ይዋሻል። በመርከቡ ሞተር ክፍል ውስጥ የሚታይ ነገር የለም ይልሃል፤ ደጋግመህ ስትመለከት ግን ተሸንፎ ጥቂት ነገሮች እንዳሉ ያምናል።

እንዲህም ሆኖ ተጫዋቹ ወደደው፤ ከኩባንያው እጅግ ከተሸጡት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ኩባንያው «ዓሣውን አገኘሁ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ እስከ መሸጥ ደርሷል። እኔም ራሴ ጨዋታውን በተጫወትሁበት ጊዜ ያን ካናቴራ የሚለብስ ሰው ምን ያህል ሌሊት እንዳደረ ገባኝ።

አሁን እስቲ ነገሩን በእኛው እንቆቅልሽ እንመዝነው። ልጅ ሆነን ማታ በምድጃ ዙሪያ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ያላልን ማን ነው? ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ያሰላስላል። ካልቻለ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተጠያቂው አንድ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም ያን አገር ተቀብሎ ከተመጻደቀ በኋላ መልሱን ይነግራል። የዚህ ጨዋታ ሕግ በወረቀት ባይጻፍም ጽኑ ነው። አገር የተቀበለ መልሱን መንገር አለበት። መልሱም ሲነገር ሰሚው «አዎን፣ ላውቀው ይገባኝ ነበር» የሚል መሆን አለበት። አገር ተቀብሎ መልሱን የሚከለክል፣ ወይም መልሱ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝበት ልጅ በሚቀጥለው ማታ የሚጫወተው አያገኝም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የኢንፎኮም ሰዎች ሕጉን ያውቁት እንደ ነበር እመሰክራለሁ። አገር የሚሰጥበት መንገድ ነበራቸው፤ በስውር ቀለም የታተመ የፍንጭ መጽሐፍ ይሸጡ ነበር። ተጫዋቹ በልዩ እስክሪብቶ ሲቀባው ጽሑፉ ይገለጣል። ለአንድ ጥያቄ መጀመሪያ ቀለል ያለ ፍንጭ፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ፣ በመጨረሻም መልሱ ተራ በተራ ተቀምጧል፤ የሚበቃህን ያህል ገልጠህ የቀረውን መተው ትችላለህ። ከዚህም ሌላ ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ፣ ቢሳሳት ወደዚያው ሊመለስ ይችል ነበር። ደጃፉ ላይ የቀረውን ወረቀት ለማንሣት ጨዋታውን እንደገና መጀመር ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ጨዋታው ቢያናድድም ሰውን አይጐዳም። ደራሲዎቹ ያላገጡበት ነገር ደግሞ ግልጽ ነው። ዛሬ ላጐደልኸው ወረቀት ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚቀጣህን፣ ያጐደልኸውንም መርጦ የሚጠይቅህን የመሥሪያ ቤት አሠራር ነው ያሳዩን። በጨዋታው ሣጥን ውስጥ ካስገቧቸው ዕቃዎች መካከል ሁለት የማፍረሻ ትእዛዞች ነበሩ፤ አንዱ የአርተርን ቤት፣ ሌላው መሬትን ለማፍረስ የወጣ።

ክቡራንና ክቡራት፣

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የሌሎችን ነው። አሁን የራሴን ልናገር።

በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መዝገብ ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። የገዛነው የስሌት ክፍል የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቈጣጠር ብቻ ስለ ነበረ፣ የልደት ዓመት ከመግባቱ በፊት ጸሐፊዎቹ እንዲለውጡት መመሪያ ሰጠሁ። ፕሮግራሙ ራሱ ግን የሚቀበለው አራት አኀዝ ነበር፤ የየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ አይጠይቅም። እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻል ነበር። አንድ ጥያቄ በሺህ በሚቈጠር ካርድ ላይ ሲጨመር ሥራውን ያዘገያል ብዬ ተውሁት። ከካርዶቹ መካከል አንድ እስር ሳይለወጥ ገባ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1938 ዓ.ም. የተወለደ ሰው፣ በአውሮፓውያን 1938 እንደ ተወለደ ሆኖ ተመዘገበ። ፕሮግራሙም አላጉረመረመም፤ ቍጥሩ ትክክለኛ ቍጥር ነበርና።

ዓመታት አለፉ። ከዚያ እስር ውስጥ ካሉት ሠራተኞች አንዱ ጡረታው ከሚደርስበት ጊዜ 7 ዓመት አስቀድሞ የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። ሰውዬው የልደት ማስረጃውን ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት ተመላለሰ። በየደረሰበት የሚሰጠው መልስ ኮምፒዩተሩ ያለው ይህ ነው የሚል ነበር። አንዱ ከሌላ ቢሮ ደብዳቤ አምጣ ይለዋል፤ ሌላው ያ ደብዳቤ የሚሰጠው ከስንብቱ በፊት ለሚያመለክት ብቻ ነው ይለዋል። ነገሩ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶ ተስተካከለ። በዚያ ዓመት ውስጥ ደመወዝ አልነበረውም፤ ሁለት ልጆቹም ትምህርታቸውን አቋርጠው ነበር።

ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ፈልጌ ያገኘሁት እኔው ስለ ነበርሁ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድሁ። ይቈጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቈጣም። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ ያን ቀን ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ጨዋታውን ስጫወት፣ በመርከቡ ውስጥ ቆሜ ወረቀቱ ከደጃፍ እንደ ቀረ በተረዳሁ ጊዜ፣ የሰውዬው ቃል በጆሮዬ ተሰማኝ። ልዩነቱም ታየኝ፤ እኔ ጨዋታውን እንደገና ጀመርሁት። እርሱ ግን ያን ዓመት እንደገና ሊጀምረው አልቻለም።

ከዚህ ተነሥቼ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ስሕተት በገባበት ሰዓት ሊታወቅ የሚችል ከሆነ በዚያው ሰዓት እንዲታወቅ ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው። ስሕተቱን ሳይናገር ተቀብሎ ዘግይቶ የሚቀጣ ፕሮግራም ቍጥሩ ልክ ቢሆንም ትክክለኛ ፕሮግራም አይደለም። ሰው ዓመት ሲያስገባ የትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ከገባም በኋላ «ዕድሜዎ ይህን ያህል ነው ማለት ነው» ተብሎ ይታየው። ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድም ይኑር። አንድ ባለጉዳይ ማሟላት ያለበትን ወረቀት ሁሉ በመጀመሪያው መስኮት ይወቅ እንጂ በሰባተኛው መስኮት አይነገረው።

ጨዋታው ስለ ቋንቋችን የሚያስተምረን ሌላ ነገርም አለ። ኢንፎኮም የተጫዋቹን ዐረፍተ ነገር የሚተረጕም ክፍል ለፕሮግራሙ ሰጥቶታል። እንግሊዝኛ ትእዛዝን በግሥ ይጀምራል፤ ከዚያም የዕቃው ስም ይመጣል። ለመቈጠብም ሲባል በዚያ ዘመን ፕሮግራሙ የሚያነበው የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ 6 ፊደሎች ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል በ5 ቢት ይጻፋል፤ ይህም በአንድ ጊዜ 32 ምልክት ለመለየት ይበቃል። ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ብልኀት ነው። በአማርኛ ግን «አልወስደውም» የሚለውን አንድ ቃል እንመልከት። እምቢታው፣ አድራጊው፣ ድርጊቱና ተደራጊው በ7 ፊደል ውስጥ ተጠቃለዋል፤ እምቢታውም ራሱ ከፊትና ከኋላ ተከፍሎ ተቀምጧል። በ6ኛው ፊደል ላይ ብንቈርጠው የእምቢታው መዝጊያ ይጠፋል። መደበኛ ፊደላችን ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ምልክት ነው። ስለዚህ የሌላውን ቋንቋ ብልኀት እንዳለ መውሰድ አያዋጣም፤ ከቋንቋችን ጠባይ የሚነሣ ሥራ ራሳችን መሥራት ይኖርብናል።

በመጨረሻም ስለ ዕድሜ ጥቂት ልበል። ኢንፎኮም በ1986 ለአክቲቪዥን ተሸጠ፤ በ1989ም ተዘጋ። አዳምስ በ2001 ዓ.ም. ዐረፈ። ጨዋታው የተሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ዛሬ የሚገኙት በሙዚየም ነው። ጨዋታው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። ቢቢሲ በ2004 በሥዕል አጅቦ አወጣው፤ በ2014 ደግሞ እንደገና አሳተመው። ይህ ሊሆን የቻለው ከመጀመሪያው ታሪኩን ከመሣሪያው ለይተው ስለ ጻፉት ነው። ታሪኩ የተጻፈው በሐሳብ ብቻ ላለ አንድ ኮምፒዩተር ነበር፤ ለእያንዳንዱ እውነተኛ ኮምፒዩተር የተዘጋጀው ያን የሐሳብ ኮምፒዩተር የሚተካ አጭር ፕሮግራም ብቻ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አዲስ ተርጓሚ ይጻፋል፤ ታሪኩ አይነካም።

እኛ ግን በግዕዝ ፊደል የጻፍናቸው የመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ጽሑፎች ምን ሆኑ? እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ የራሱን የቍጥር ሥርዓት ይጠቀም ነበር፤ ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ፊደላችን በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ የጋራ ሥርዓት አግኝተናል። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን፣ መዝገብም ይሁን የጥናት ጽሑፍ፣ በየመሳቢያው በዲስክ ላይ ተቀምጦ አንባቢ ያጣ ብዙ ነው። ይህም ከደጃፍ የቀረ ወረቀት ነው፤ ቤቱ ግን ገና አልፈረሰም። ዲስኮቹ የሚነበቡበት ጊዜ ጨርሶ ሳያልፍ፣ የድሮውን የፊደል ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎችም በሕይወት ሳሉ፣ እያንዳንዳችን በመሥሪያ ቤታችን ያለውን ቈጥረን ወደ ጋራው ሥርዓት እንድናዛውር ለማኅበሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። እኔ በእጄ ያሉትን ዲስኮች ከዚህ ሳምንት ጀምሬ አመጣለሁ።

በጨዋታው ውስጥ አንድ የምወደው እንቆቅልሽ ደግሞ አለ፤ እርሱን ተናግሬ ላብቃ። ተጫዋቹ ከያዛቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አንዱ «የሻይ እጦት» ነው። ከብዙ ድካም በኋላ ሻይ ያገኛል፤ ሻይ ሲይዝም እጦቱ ይጠፋል። ነገር ግን ሁለቱን በአንድነት ካልያዘ የማይከፈት በር አለ። ይህን ለማድረግ ወደ ራሱ አንጐል ውስጥ ገብቶ ማስተዋሉን ማውጣት አለበት። እኔ በሙያዬ ዘመን ይህን ያለ ብዙ ድካም የሚያደርጉ መዝገቦች አይቻለሁ፤ በአንዱ ገጽ ሰውዬው በሥራ ላይ ነው፣ በሌላው ገጽ ተሰናብቷል። ማስተዋልን ለጨዋታ ማውጣት ያስቃል፤ በሥራችን ግን በቦታው ይቈይልን።